«አድቫንስ» ሲተረጎም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

«አድቫንስ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል በዜናና በማስታወቂያ ትርጉም ውስጥ በመጣ ቁጥር «ወደፊት መግፋት» ወይም «ዕድገት» እየተባለ መጻፉ አንባቢን እያሳሳተ ነው።

የከፋው ስህተት ቀጠሮ ላይ ነው። የረቡዕ ስብሰባ በሁለት ቀን «አድቫንስ» ተደረገ ማለት ሰኞ ሆነ ማለት ነው። «በሁለት ቀን ወደፊት ተገፋ» ተብሎ ከታተመ ግን አንባቢው ተራዘመ ብሎ ዓርብ ይመጣል፤ ስብሰባው ካለቀ በአራተኛው ቀን። ቃሉ ወደ እንግሊዝኛ የገባው ከፈረንሳይኛ ሲሆን፣ የላቲን ሥሩ «ከፊት» እንደማለት ነው። የእኛም «ፊት» ሁለት መንገድ ይዟል፤ «በፊት» ያለፈውን፣ «ወደፊት» የሚመጣውን። ወጥመዱ እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ቀን ሲሆን ሁለቱንም ዕለት መጥራት ይበጃል፦ «ረቡዕ ሊካሄድ የነበረው ስብሰባ ወደ ሰኞ ቀደም ተደርጓል»።

«ገፋ» ግን ቦታውን ሲያገኝ የሚተካው የለም። ጦር ወደ ከተማ ይገፋል፤ ዕድሜ ይገፋል፤ እርግዝና ይገፋል። በሽታም እንዲሁ። «አድቫንስድ» ካንሰርን «የላቀ ካንሰር» ማለት ነውር ነው፤ መላቅ ምስጋና ነውና። «ሥር የሰደደ» የሚለውም አይሆንም፤ እሱ ለረጅም ጊዜ ለሚቆይ ሕመም የተያዘ ቃል ነው። «ደረጃው የገፋ ካንሰር» ቢባል ሐኪሙም ታማሚውም ይግባባሉ።

ገንዘብ ላይ ጥንቃቄው ሌላ ነው። ሥራ ሳይጠናቀቅ የሚሰጥና ከኋለኛው ሂሳብ የሚቀነስ ገንዘብ ቅድሚያ ክፍያ እንጂ ቀብድ አይደለም። ቀብድ ውል ለመታሰሩ ማረጋገጫ ነው፤ የሰጠው ወገን ውሉን ከተወ ገንዘቡን ያጣል፣ የተቀበለው ከተወ እጥፉን ይመልሳል። በውል ትርጉም ውስጥ አንዱን በሌላው መተካት ተዋዋዮችን ያላሰቡት ዕዳ ውስጥ ይከታል።

ሐሳብ ወይም መከራከሪያ ከሆነ «አቀረበ» ይበቃል። ቃሉ በብዙ ቁጥር ሆኖ ከሰው ጋር ሲመጣ ግን የፍቅር ወይም የወሲብ ጥያቄ ማለት ሊሆን ይችላል፤ «ዕድገቱን አልተቀበለችም» ተብሎ ከተጻፈ የበደሉ ዜና ጠፋ ማለት ነው። መጨረሻው ላይ ያለችው «ድ»ም ትታይ፦ «አድቫንስ» ኮርስ ቢባል አስቀድሞ የሚሰጥ፣ «አድቫንስድ» ኮርስ ከፍ ያለ ደረጃ ያለው ትምህርት ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣው አንባቢ የሆነ ተርጓሚ