የጓሮ አትክልት ክበብ በ2017 ዓ.ም፦ ከግቢያችን መደቦች እስከ አራተኛ ፎቅ በረንዳ

ከትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ጀርባ ያለው ቦታ የተሰባበሩ ወንበሮች መከመሪያ እንደነበረ የዚህ መጽሔት አንባቢ ሁሉ ያስታውሳል። ዛሬ በዚያው ቦታ ዘጠኝ መደቦች አሉ፤ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ካሮት፣ ቀይ ሥርና ሰላጣ ይበቅልባቸዋል። ክበቡ በዚህ ዓመት 34 አባላት ነበሩት። በየአሥራ አምስት ቀኑ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ተሰብስበናል፤ የተረኞች ዝርዝርና የሥራ ክፍፍሉ በቃለ ጉባኤ ስለተያዘ እዚህ አልደግመውም።

ዓላማችን በግቢው ውስጥ አትክልት ማብቀል ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱ አባል የተማረውን በየቤቱ እንዲሠራበት ነበር። ስለዚህ ሥራውን ከወቅቱ ጋር አያይዘን ጀመርን። መስከረም ላይ አረሙ ዘር ሳይቋጥር አጭደን፣ ከደረቅ ቅጠል፣ ከእበትና ከጥቂት አመድ ጋር እያፈራረቅን በመደርደር ብስባሽ አዘጋጀን። የባሕር ዛፍ ቅጠል ቶሎ ስለማይበሰብስና ለሌላው ተክል ስለማይስማማ ወደ ክምሩ አላስገባንም። ከክምሩ መሐል አንድ ረጅም እንጨት ሰክተን በየሳምንቱ እየነቀልን በእጃችን እንዳስሰው ነበር፤ እንጨቱ ሞቆና ወዝቶ ከወጣ ክምሩ በደህና እየበሰለ ነው፣ ሞቆ ነገር ግን ደርቆ ከወጣ ውሃ ይፈልጋል፣ ቀዝቅዞና ረጥቦ ከወጣ ደግሞ አየር አጥሮታልና መገላበጥ አለበት። ጥር ላይ ክምሩ ጥቁርና ፍርፍር ያለ አፈር ሆኖ ሲወጣ ለማዳበሪያ አንድም ብር አላወጣንም።

ያልተሳካልንም አለ። ታኅሣሥ ላይ በአንድ ሌሊት የወረደ ውርጭ የቲማቲም ችግኞቻችንን በሙሉ አቃጠለብን። ማታ ማታ ገለባ ወይም ጆንያ አልብሰናቸው ቢሆን ኖሮ ይተርፉ ነበርና ቀድሜ አለማሰቤ ይቆጨኛል። የካቲት ላይ ጎመኑን ክሽክሽ (የቅጠሉን ፈሳሽ የሚመጥ ትንንሽ ተባይ) ሲወረው ግን ፀረ ተባይ አልገዛንም። ነጭ ሽንኩርትና ሚጥሚጣ ወቅጠን፣ በውሃ ዘፍዝፈን አሳድረን፣ አጣርተን፣ ጥቂት ሳሙና ጨምረንበት በቅጠሉ ጀርባ ረጨነው፤ በየአምስት ቀኑ ሦስት ጊዜ ከደጋገምነው በኋላ ቀለል አለ።

የበጋው ፈተና ውሃ ነው። መደቦቹን በደረቅ ሣር ጉዝጓዝ አልብሰን፣ ጠዋት በማለዳ ብቻ እያጠጣን፣ የሃይላንድ ክዳን በመርፌ በስተን፣ ሃይላንዱን ከየተክሉ ሥር ዘቅዝቀን በመቅበር ያለችንን ውሃ አብቃቃናት።

ከዓመቱ ሥራ ሁሉ ልቤ ውስጥ የቀረው ግን በየካቲት አጋማሽ አንድ ቅዳሜ ያደረግነው ጉብኝት ነው። አሥራ ሁለት ሆነን የአንዲት የ7ኛ ክፍል አባላችንን ቤት ለማየት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ወጣን። በበረንዳው ላይ በአፈርና በደረቀ እበት የተሞሉ ስድስት የማዳበሪያ ጆንያዎች ቆመዋል። ውሃው እስከ ታች እንዲደርስ በየጆንያው መሐል ጠጠር አስገብታበታለች፤ ጎኑን ቀድዳ ጎመንና ቆስጣ ተክላበታለች። እርጥብ አፈር ከባድ ስለሆነም ሁሉንም ግድግዳውን አስጠግታ አቁማዋለች። እናቷ «መምህር፣ ከገና ወዲህ ጎመን ከገበያ ገዝቼ አላውቅም» አሉኝ። ልጅቷ ግን ዝም ብላ አንድ ደብተር ሰጠችኝ። በፈቃዷ ሁለት መስመር ልጥቀስ፦ «ኅዳር 19፦ 11 ቅጠል ቀጠፍኩ፣ ከታች ከታች ብቻ።» «ጥር 6፦ ዛሬም ውሃ አልመጣም። ምስር የታጠበበትን ለጎመኑ ሰጠሁት፤ ቆስጣው ነገ ይድረሰው።» ይህችን የመጨረሻ መስመር ጮክ ብዬ ለማንበብ ጀምሬ ድምፄ ስለተያዘብኝ ደብተሩን አጠገቤ ለነበረው ተማሪ አቀበልኩት። የሐበሻ ጎመን ከታች ከታች ቅጠሉ ከተቀጠፈ ለወራት እንደሚሰጥ ክፍል ውስጥ የተናገርኩት አንድ ቀን ብቻ ነበር።

ክበቡ ልጆችን ከትምህርታቸው ያዘናጋል የሚል አስተያየት ከአንዳንድ ወላጆች ሰምቻለሁ። እነዚሁ ልጆች ግንቦት ላይ የ7ኛ ክፍል ሕንፃ ጣሪያ የሚሸፍነውን ቦታ በሜትር ለክተው 192 ካሬ ሜትር ሆኖ አገኙት። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 1 ሊትር ውሃ ስለሚሆን፣ 10 ሚሊ ሜትር በዘነበ ቁጥር ከዚያ ጣሪያ 1,920 ሊትር ይወርዳል። አንድ አምስተኛው እንኳ ቢባክን 5,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ በአራት እንዲህ ያለ ዝናብ ሞልቶ ይፈስሳል። ይህን ሁሉ ያሰሉት ራሳቸው ናቸው።

ዘንድሮ ክበቡ ከትምህርት ቤቱ በጀት ያገኘው ሁለት ዶማና አንድ የውሃ ማጠጫ ብቻ ነው። በጀቱ ጠባብ መሆኑን አውቃለሁ፤ ሆኖም ልጆች ከቧንቧው እስከ መደቡ ጀሪካን ተሸክመው እየተመላለሱ፣ በየክረምቱ ያ ሁሉ ውሃ በዛገው አሸንዳ ወርዶ ወደ ቦዩ ሲገባ ማየት ያሳዝናል። ስለዚህ ወላጆችና የቀድሞ ተማሪዎች አንድ ሮቶ፣ ያገለገለም ቢሆን፣ እንዲሁም 24 ሜትር አሸንዳ እንዲያግዙን እጠይቃለሁ። ሐምሌ ከመግባቱ በፊት ቢደርስልን የዘንድሮው ዝናብ አያመልጠንም። ለሮቶው መቀመጫ የሚሆነውን ድንጋይ ልጆቹ ከሕንፃው ጎን ደርድረው ጨርሰዋል።