ስለ አሠልጣኙ ላነሱት ጥያቄ

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

እንደምን ከርመዋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ባለፈው እሑድ የልጅ ልጅዎ እዚህ ኦሃዮ፣ ኮሎምበስ ከተማ በአሠልጣኙ በዉዲ ሄይስ ስም ስለተሰየመው ጎዳና ሲያወራልዎ፣ «ሃያ ስምንት ዓመት ያገለገለን ሰው በአንድ ቡጢ ያባርሩታል?» ብለው መቆጣትዎን ሰምቻለሁ። በስልክ መከራከሩን ስላልደፈርኩት በጽሑፍ እመልሳለሁ።

ሄይስ የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲን የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ከ1951 እስከ 1978 እ.ኤ.አ. አሠልጥኖ 205 ጨዋታዎችን አሸንፏል። ዘመኑ ያበቃው ዲሴምበር 29 ቀን 1978፣ በእኛ ታኅሣሥ 20 ቀን 1971 ዓ.ም.፣ ፍሎሪዳ ውስጥ ከክሌምሰን ዩኒቨርሲቲ ቡድን ጋር በተደረገው፣ ጋተር ቦውል በተባለው የውድድር ዘመን መዝጊያ ጨዋታ ነው። ቡድኑ 17 ለ 15 እየተመራ፣ ሰዓቱም ወደ ማለቂያው ተቃርቦ ሳለ፣ ቻርሊ ባውማን የተባለ የክሌምሰን ተጫዋች የተወረወረውን ኳስ ጠልፎ እየሮጠ በኦሃዮ ስቴት ወገን በኩል ከመስመር ሲወጣ፣ የ65 ዓመቱ አሠልጣኝ አንገቱ ላይ በቡጢ መታው። በማግስቱ ተሰናበተ።

«አንድ ቡጢ» ማለትዎን ግን አልቀበልም፣ አባባ። በ1971 እ.ኤ.አ. ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር ሲጫወቱ በዳኞች ተናዶ የሜዳውን ምልክቶች ሰባብሯል፤ በ1977 ደግሞ የቴሌቪዥን ካሜራ ባለሙያ መትቷል። ያሸንፍ ስለነበር ይህ ሁሉ ሥራውን አላሳጣውም፤ ቁጣው እንደ ጠባይ ተቆጥሮለት ኖረ፤ እኔም ጥፋቱን ከእሱ እኩል የማየው በዚያ ዝምታ ላይ ነው። ያሰናበተው የዩኒቨርሲቲው የስፖርት ኃላፊ ሂዩ ሂንድማን በወጣትነቱ በሄይስ ሥር የተጫወተ፣ በኋላም ረዳቱ የነበረ ሰው ነው። የገዛ ተማሪው ባይጨክን ኖሮ ማን ይጨክን እንደነበር አላውቅም።

መልካሙንም አልክድም። ሆስፒታል እየዞረ በሽተኞችን ይጠይቅ፣ ተጫዋቾቹ ዲግሪያቸውን ሳይዙ እንዳይወጡ ይጎተጉት ነበር። በ1986 እ.ኤ.አ. ያው ዩኒቨርሲቲ በምረቃ በዓል ላይ ንግግር እንዲያደርግ ጋበዘው፤ እሱም ውለታ የዋሉልንን ሰዎች መልሰን መክፈል ስለማይቻለን ለሌሎች ማድረግ እንደሚገባን ለተመራቂዎች ተናገረ። ጎዳናውን በስሙ የሰየሙት አልተሳሳቱም፤ ዩኒቨርሲቲውም ሲያሰናብተው አልተሳሳተም። በዚህ ሁሉ ክርክር ውስጥ ግን የባውማንን ስም የሚያነሳ ሰው ብዙ አላገኘሁም።

ጥያቄዎ ስለ ሄይስ ብቻ እንዳልሆነ ጠርጥሬአለሁ። አርጩሜ ይዘው ክፍል የሚገቡበትን ዘመን አስታውሳለሁና። የያኔ ተማሪዎችዎ ዛሬም መንገድ ላይ ቆመው እጅ እንደሚነሱዎት አውቃለሁ፤ ይገባዎታልም። እኔ ግን የእርስዎ ልጅ ብቻ ሳልሆን ተማሪዎም ነበርኩ፤ ያየሁትም ከዚያው ከወንበሬ ነው።

በሚመጣው ዓመት ሲመጡ በጎዳናው በኩል ወስጄ ስታዲየሙን አሳይዎታለሁ። እስከዚያው፣ አራተኛ ክፍል ሳለሁ ከጎኔ ይቀመጥ የነበረውን ልጅ ያስታውሱት እንደሆነ በሚቀጥለው ስንደዋወል ይንገሩኝ።

አክባሪ ልጅዎ