ላይክ ተቆጥሮ ማርክ አይሰጠን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ። «የዛሬ ተማሪ ስልክ ላይ ተጥዶ ይውላል» የሚለውን ወቀሳ ከአባቴም ከጎረቤቱም እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ባለፈው ሴሚስተር ግን ስልክ ላይ መጣዱ ራሱ የትምህርት ሥራ ሆኖ መጣብኝ። የሁለተኛ ዓመት የማርኬቲንግ ተማሪ ነኝ። የምማረው ደብረ ብርሃን ነው። የተቋሙን ስም ልለፈው፤ ገና ተምሬ አልጨረስኩም።

ሥራው እንዲህ ነው። አንድ የአካባቢያችሁን ምርት ምረጡ፣ ፌስቡክ ላይ ገጽ፣ ቴሌግራም ላይ ቻናል ክፈቱ፣ ስድስት ሳምንት አስተዋውቁ። 30 ማርክ አለው። እኔ ብዙም ሳላስብ ባና አልኩ፤ ከበግ ፀጉር የሚሠራውን ወፍራም ብርድ ልብስ። አክስቴ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ናት። የበግ ፀጉር ትፈትላለች፣ ለሸማኔ ሰጥታ ታሠራለች፣ ገበያ አውጥታ ትሸጣለች። በደብረ ብርሃን ብርድ ስንቱን ሌሊት ያሳለፍኩት እሷ በሰጠችኝ ባና ነው።

ማኅበራዊ ሚዲያ ግን አላውቅም ነበር። አዲስ አበባ ያደጉት የክፍሌ ልጆች ይህን ስነግራቸው ይስቃሉ። በ2015 ከየካቲት እስከ ሐምሌ ፌስቡክና ቴሌግራም ያለ ቪፒኤን (የታገደውን የሚያስከፍት መተግበሪያ ነው) አልከፈት ብለው ነበር። እነሱ ቪፒኤን ጫኑ። በሐምሌ መጨረሻ ደግሞ የክልላችን የሞባይል ዳታ ጭራሽ ጠፋ፣ ለወራት። ይሄኔ እኔ መንዝ ነኝ። ምን ልጫን?

ስለዚህ ስህተቴን ከሀ ጀመርኩ። «የመንዝ ባና» ብዬ ገጽ የከፈትኩ መስሎኝ የግል አካውንት ከፈትኩ። በማግስቱ አንድ ሰው «ሃይ ባና፣ እንተዋወቅ?» ብሎ ጻፈልኝ። የሁለቱን ልዩነት ያስረዳችኝ የዶርም ጓደኛዬ ናት፣ ስቃ ስቃ ሲወጣላት። ቴሌግራም ላይም ቻናል ነው ብዬ ግሩፕ ነበር የከፈትኩት። የማላውቀው ሰው ሌሊቱን ሙሉ የውርርድ ማስታወቂያ ሲለጥፍብኝ አደረ።

ፎቶውም ያው ነው። ጥቁር ባና ማታ በአምፖል አንስቼ ለጠፍኩ። «ይሄ ምንድነው፣ ከሰል ነው?» ተባልኩ። ለእረፍት መሐል ሜዳ ስሄድ ጠዋት በፀሐይ የድንጋዩ ካብ ላይ ዘርግቼ አነሳሁት። ያኔ የክሩ ውፍረት እንኳ አንድ በአንድ ታየ።

አክስቴ ከጎኔ ቆማ ስታየኝ ነበር። «ሰውየው በእጁ ሳይዳብሰው እንዴት ይገዛዋል?» አለችኝ። ስድስት ሳምንት ሙሉ ክፍል ውስጥ እንዲህ ያለ ጥያቄ የጠየቀን የለም። እውነትም ኢንቦክስ የሚመጣው ሁሉ የመዳበስ ጥያቄ ነበር። ይከብዳል? ሲታጠብ ይሸበሸባል? አንዷ ደግሞ «ይወጋል ወይ?» አለች። ለአክስቴ አነበብኩላት።

«ባና ካልወጋማ ምኑን ባና ሆነ! አንሶላ ትግዛ!»

ይህን በድምፅ ቀድቼ ቻናሉ ላይ ለቀቅሁት። ከለጠፍኩት ሁሉ ሰው የተቀባበለው እሱን ነው። ጠያቂዋም ስቃ ገዛች፤ ገንዘቡን በቴሌብር ላከች፣ ባናው በአውቶቡስ ሄደላት። አክስቴ ስልኳ ላይ የገባውን መልእክት ሦስት ጊዜ አስነበበችኝ። በስድስት ሳምንት ሦስት ባና ሸጥን።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልምጣ። ከ30ው ማርክ 10ሩ የሚሰጠው በተከታይ ብዛት ነበር። እኔ 63 ተከታይ ይዤ 3 አገኘሁ። አንድ የክፍሌ ልጅ ከሺህ በላይ ሰብስቦ ሙሉውን ወሰደ። የሚያስተዋውቀው ጫማ ነው። ጫማው ግን የለም! ፎቶውን ከጎግል ነው ያወረደው። ተከታዮቹም «ፎሎው አድርገኝ፣ ፎሎው ላድርግህ» በሚባባሉበት ግሩፕ የተዋዋሳቸው ናቸው። አንድ ሰው ዋጋ ቢጠይቀው ምን እንደሚል ጠየቅሁት። «ማንም አልጠየቀኝም» አለኝ። በልጁ አልፈርድም። ማርኩ ያለው እዚያ ነው፣ ወደዚያው ሄደ።

መምህራችንን በአክብሮት አናገርኳቸው። ክፍሉ ውስጥ ብዙ ተማሪ እንዳለና ቁጥር ለማረም እንደሚቀል ነገሩኝ። እውነታቸውን ነው፤ የሁላችንን ገጽ ገብቶ ማንበብ ቀላል አይደለም። ግን እኮ ገጹን ሁሉ ማንበብ አያስፈልግም። ከሰው የመጡ አምስት ጥያቄዎችንና የመለስነውን መልስ በአንድ ወረቀት እንድናስገባ ይዘዙን። የውሸት ጫማ የያዘ ልጅ ያንን ወረቀት ከየት ያመጣል? ዳታ ለሌለውም ይሻላል። እኔ አክስቴ ቤት ሳለሁ ጥያቄዎቹን ደብተር ላይ ጽፌ፣ ኔትወርክ ሳገኝ ነበር የምመልሰው።

ይህን የምጽፈው የጎደለብኝ ማርክ እንዲስተካከልልኝ አይደለም፤ ውጤቱ ገብቷል። በሚቀጥለው ሴሚስተር ይህንኑ ኮርስ የሚወስዱ አሉ። መምህራን ጋዜጣችሁን ያነባሉ ብዬ ነው።

ቻናሉን አልዘጋሁትም። አራተኛው ባና ሸማኔው ዘንድ ነው። አክስቴ «ለዚያችኛዋ ሰው ንገሪያት፣ ይሄኛውም ይወጋል» ብላለች።

የማርኬቲንግ ተማሪ፣
ከደብረ ብርሃን