ለማፑንጉብዌ ዛፎችም ውኃ ይታሰብ

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

በደቡብ አፍሪካ ሰሜናዊ ጫፍ ስላለው የማፑንጉብዌ ብሔራዊ ፓርክ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከጥንት መቃብር የተገኘው ትንሹ የወርቅ አውራሪስ ቅርጽ ነው። አይገርምም፤ ቦታው እ.ኤ.አ. በ2003 በዩኔስኮ የተመዘገበው በጥንታዊው መንግሥት ታሪክ ነው። እኔ ግን እዚሁ ሊምፖፖ ክፍለ ሀገር ስለምኖር ለወንዙ ዳር ዛፎች ልናገር።

የሻሼ ወንዝ ከሊምፖፖ ወንዝ የሚቀላቀለው ደቡብ አፍሪካ፣ ቦትስዋናና ዚምባብዌ በሚገናኙበት ነው። ዙሪያው ቀላ ያለ የአሸዋ ድንጋይ ኮረብታ ነው። ገደሉ ላይ ሽኮኮና ሰስ አሉ፤ ሽኮኮ የሚያድነው ጥቁር ንስርም አለ። የሾላ ዘመድ የሆነ ዛፍ ሥሩን በድንጋዩ ስንጥቅ ሰድዶ ይቆማል። ከአገር ቤት የመጣ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። ዝሆን ቅርፊቱን የሚልጠው ግንደ ወፍራም ዛፍ፣ ባኦባብ እንኳ ዝሆን የማይወጣው ድንጋይ ላይ ከበቀለ ይተርፋል።

የወንዙ ዳር ዛፍ ግን መሸሻ የለውም። ሊምፖፖ በበጋ አብዛኛው አሸዋ ነው። ውኃው ያለው ከአሸዋው ሥር ነው። ገርቢ የምንለው ግራር የሚጠጣው ከዚያ ነው። የገርቢን ጠባይ የአገራችን ገበሬ ያውቀዋል፤ በክረምት ቅጠሉን አራግፎ በበጋ ይለመልማል። ሌላው ሁሉ ሲደርቅ ዝሆኑም ድኩላውም የእሱን ቅጠልና ፍሬ ይበላል።

ያንኑ ውኃ እርሻዎች ለመስኖ ይስቡታል። ከፓርኩ በስተምሥራቅ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2010 ፈቃድ ያገኘው የቬሌ የድንጋይ ከሰል ማዕድን አለ። የሥራ ዕድልን አልቃወምም። እዚህ ካለነው ኢትዮጵያውያን ብዙዎቻችን ሱቅ ከፍተን የምንኖረው የእርሻና የማዕድን ሠራተኛው ስለሚገዛን ነው። ነገር ግን ከአሸዋው ሥር ያለው ውኃ በጣም ከወረደ ትልልቆቹ ዛፎች ይደርቃሉ። ዝሆን በበዛበት አገር ደግሞ ችግኝ በቀላሉ አድጎ አይተካቸውም።

ሦስቱ አገሮች እ.ኤ.አ. በ2006 አካባቢውን በጋራ ለመጠበቅ የመግባቢያ ሰነድ ፈርመዋል። እንስሳውን በጋራ ሊጠብቁ ከተስማሙ ውኃውንም በጋራ ይቁጠሩት። ለዛፎቹ የሚቀረው መጠን ሳይለይ አዲስ የውኃ ፈቃድ መስጠት በእኔ እምነት ጥፋት ነው።

እዚህ አገር ትልቅ ፕሮጀክት ሳይፈቀድ በፊት የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናቱ ለሕዝብ አስተያየት ይቀርባል። አስተያየት ለመስጠት ዜጋ መሆን አያስፈልግም። ማስታወቂያው በአማርኛ ስለማይወጣ ግን ብዙዎቻችንን ያልፈናል። ጥያቄዬ ይኸው ነው፦ የሊምፖፖን ወንዝ የሚነካ ፕሮጀክት ማስታወቂያ ሲወጣ፣ ጉዳዩንና ቀነ ገደቡን በአማርኛ አውጡልን። እኛም አስተያየታችንን እንጽፋለን።

አንባቢያችሁ፣
ከፖሎኳኔ