«ተሻለኝ» አትበዪኝ

የኔ ልጅ፣

ትናንት ማታ ስልኩን ከዘጋሽ በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። «እማዬ፣ ሽንቴን ትንሽ ያቃጥለኝ ነበር፣ ባሌ ያስቀመጠውን ሲፕሮ ሦስት ቀን ዋጥኩ፣ አሁን ግን ተሻለኝ» አልሽና ወሬ ቀየርሽ። ስለ ድሬ ሙቀት፣ ስለ ባልሽ እናት፣ ስለ ሕፃኑ አልጋ አወራሽ። እኔ ግን ጆሮዬ እዚያችው «ተሻለኝ» ላይ ቀረ። ያቺን ቃል አውቃታለሁ። እኔም እንዳንቺ እርጉዝ ሳለሁ፣ አንቺን ይዤ፣ ሁለት ጊዜ ብያታለሁ። በሦስተኛው ለማለት እንኳን አቅም አጣሁ።

በስልክ ልነግርሽ ፈልጌ ነበር። ባልሽ አጠገብሽ ስላለ አፈርኩ። አየሽ፣ ከ25 ዓመት በኋላም ያው እፍረት! ስለዚህ ልጻፈው።

ያኔ ሽሮ ሜዳ ነበር የምሠራው። ሱቋ ሁለት የስፌት መኪና ከገባባት ለሰው መቆሚያ የላትም። ሽንት ቤቱ ከኋላ ግቢ ነው፣ ቁልፉ ደግሞ ሥጋ ቤቱ ጋ። ቁልፉ እንዳይጠፋ ብለው ከአንድ ትልቅ የበሬ አጥንት ጋር በሽቦ አስረውታል። ያንን አጥንት ይዤ ጥሬ ሥጋ በሚቆርጡ ወንዶች መሀል ማለፍ ለኔ ሞት ነበር። ሆዴ ከገፋ በኋላማ ጭራሽ ባሰብኝ። ስለዚህ ዘዴ ፈጠርኩ። ውሃ አልጠጣም፣ ከመጣም እይዛለሁ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ማታ 12 ሰዓት አንድ ጊዜ ብሄድ ነው።

ጥቅምት 1993 ዓ.ም. ላይ አራት ወር ሞላኝ። ማቃጠሉ የጀመረኝ ያኔ ነው። ቶሎ ቶሎ ይመጣል፣ ስሄድ ጠብ አይልም። ጎረቤታችን «ብርድ ነው» አለችኝ። በጥቅምት ከእንጦጦ የሚወርደውን ብርድ ለሚያውቅ ሰው ይህ አያከራክርም። የፈላ ውሃ በባልዲ አምጥታ እንፋሎቱ ላይ አስቀመጠችኝ። ሙቀቱ ደስ ይላል፣ እውነቱን ለመናገር። በሽታው ግን ንቅንቅ አላለም።

ፋርማሲ ሄድኩና «የሽንት መድኃኒት» አልኩት። ሆዴን በነጠላ ሸፍኜዋለሁ። እሱም አልጠየቀ፣ እኔም አልተናገርኩ። 21 ፍሬ አሞክሳሲሊን ሰጠኝ። በሦስተኛው ቀን ማቃጠሉ ጠፋ። «ተሻለኝ» አልኩ። የቀረውን ለክፉ ቀን ብዬ የብስኩት ቆርቆሮዬ ውስጥ፣ ከክርና ከልብስ ቁልፍ ጋር ከተትኩት። ያ ቆርቆሮ ዛሬም አለ፣ ታውቂዋለሽ።

ኅዳር ላይ የነቢያት ጾም ገባ። እስከ 9 ሰዓት እህል ውሃ አልቀምስም። ማንም አላስገደደኝም፣ የነፍስ አባቴንም አልጠየቅኩም፣ እልኸኛ ስለሆንኩ ነው። ሳምንት ሳይሞላ ማቃጠሉ ተመለሰ። ቆርቆሮዬን ከፈትኩ። ለሁለት ቀን ዋጥኩ። ጎረቤታችንም «እኔንም ያቃጥለኛል» ስትለኝ ስድስት ፍሬ ቆጥሬ ሰጠኋት። ደግነት መሆኑ ነው እንግዲህ። ለሁለተኛ ጊዜ «ተሻለኝ» አልኩ።

ከዚያ ጥምቀት መጣ። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይባላል። ያንን ቀሚስ ማን ሰፍቶ እንደሚያደርስ ግን ተረቱ አይናገርም። ጥር 9 ማታ ሰባት ቀሚስ ቀርቶኛል። ጥለቱን እየሰፋሁ በቀኝ በኩል ወገቤን አንድ ነገር ቀሰፈኝ። መቀመጥ ነው ብዬ ተነሳሁ። ቆሜም ያው። ከዚያ ብርድ ብርድ አለኝ፣ ጥርሴ ይንገጫገጭ ጀመር። የመጨረሻዋ ቀሚስ ጥለት ጠማማ ሆኖ ቀረ። ባለቤትየዋ ሳታየው ለብሳው እንደሄደች በኋላ ሰማሁ።

ሌሊቱን በሦስት ጋቢ ተጠቅልዬ ስንቀጠቀጥና ሳስመልስ አደርኩ። አባትሽ በነጋታው ታክሲ ፍለጋ ወጣ። ቀኑ ከተራ ነው። መንገዱ ሁሉ በሰው ተሞልቷል፣ ታቦታቱ ወደ ጃንሜዳ እየወረዱ ነው። ከሽሮ ሜዳ ቁልቁል ደግፎ በእግሬ ነዳኝ። ሰው እልል ይላል፣ እኔ እንቀጠቀጣለሁ። አንዲት እናት ሆዴን አይታ ምጥ መሰላትና «ማርያም ትፍታሽ» አለችኝ። ገና ሰባት ወሬ እኮ ነው! ያንን ቃል ስሰማ ነው መፍራት የጀመርኩት።

ሆስፒታል ስደርስ ትኩሳቴ 39 ከ6 ነበር። ሐኪሟ በቀኝ በኩል ከጎድን አጥንቴ በታች በቡጢዋ ቀስ ብላ መታ ስታደርገኝ ጮህኩ። «ኢንፌክሽኑ ኩላሊትሽ ድረስ ወጥቷል» አለችኝ። ያኔ ሆዴም እንደ ድንጋይ ይጠነክርና ይለቅ ጀምሮ ነበር። ነርሷ ያንን ቀንድ የመሰለ ማዳመጫ ሆዴ ላይ አድርጋ ጆሮዋን አስጠጋች። ዝም አለች። ሰዓቷን እያየች ቆጠረች። ያ ዝምታ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ አላውቅም። «አለች፣ አለች፣ በጣም ትሮጣለች» ስትል አለቀስኩ። በዚያን ጊዜ ሴት መሆንሽን ማንም አያውቅም። ነርሷ ግን «አለች» ነው ያለችው።

ግሉኮስ ሰቀሉልኝ፣ ሴፍትሪያክሶን የሚባል አንቲባዮቲክ በደም ስሬ ጀመሩልኝ። ሆዴ ቀስ በቀስ ተረጋጋ። ከዚያ ሐኪሟ ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። ስምንተኛ ክፍል ድረስ ብቻ እንደተማርኩ ነገርኳት፤ እሷ ግን ቀለል አድርጋ ሁሉንም አስረዳችኝ።

እርግዝና ላይ ሆርሞኑ ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚወርዱትን ቱቦዎች ያላላቸዋል። ማህፀን ደግሞ ሲያድግ ይጫናቸዋል፣ አብዛኛውን ጊዜ የቀኙን ይበልጥ። ሽንቱ እንደ ወትሮው አይወርድም፣ ይተኛል። የተኛ ውሃ ምን እንደሚያበቅል እኛ የሰፈር ሰዎች እናውቃለን። ተህዋሲው ደግሞ ከሩቅ አይመጣም። ከራሳችን አንጀት ነው። ኢ. ኮላይ ይሉታል፣ አብዛኛውን የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን የሚያመጣው እሱ ነው። የሴት ሽንት መውጫ ቱቦ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነች መንገዱ አጭር ነው። ስለዚህ ስትታጠቢም ስትጠርጊም ከፊት ወደ ኋላ ነው። ከባልሽ ጋር ከሆንሽ በኋላ ደግሞ ተነስተሽ ሽንት ቤት ሂጂ። ይኸው፣ አልኩት። ቀዩን ፊቴን አላየሽውም።

ያስደነገጠኝ ሌላ ነው። ከ100 እርጉዞች ከ2 እስከ 10 የሚሆኑት ምንም ሳያማቸው ሽንታቸው ውስጥ ባክቴሪያ አለ። ማቃጠል የለ፣ ትኩሳት የለ። ካልታከሙ ከአራቱ አንዷ ገደማ እንደ እኔ ኩላሊቷ ይያዛል። ታዲያ የኔ «ተሻለኝ» ምን ዋጋ አለው? ማቃጠሉ ሄደ እንጂ ባክቴሪያው የት ሄደ?

መድኃኒቱን ከመጀመራቸው በፊት ሽንቴን ለካልቸር ልከውት ነበር፤ ባክቴሪያውን ላብራቶሪ ውስጥ አብቅለው የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው የሚያዩበት ምርመራ ነው። አንቺም ነገ ስለምትሰጪ ልንገርሽ፣ እንዳታበላሺው። መጀመሪያ በንጹሕ ውሃ ታጠቢ። የመጀመሪያውን ሽንት ወደ ሽንት ቤቱ ልቀቂው፣ መሀል ላይ ያለውን በሰጡሽ ዕቃ ተቀበይ፣ የቀረውን ተይው። የዕቃውን ውስጥ በእጅሽ አትንኪ። ቤት ካለ ብልቃጥም አታምጪ፣ የቅቤ ዕቃ ታጥቦ ያመጣች ሴት አይቻለሁ። ናሙናውን ቶሎ ስጪያቸው፣ ቦርሳ ውስጥ ይዘሽ ገበያ አትዙሪ። መድኃኒቱንም ከመጀመርሽ በፊት ነው መስጠት ያለብሽ። አንቺ ግን ለሦስት ቀን ውጠሽ አቁመሻል አይደል? ምን እንደዋጥሽ ሳትደብቂ ንገሪያቸው።

ውጤቱ በሦስተኛ ቀን መጣ። ወረቀቱን እስከ ዛሬ ቆርቆሮው ውስጥ አስቀምጬዋለሁ፣ ማጠፊያው ላይ ተበጥሷል። በግራ በኩል የመድኃኒት ስም ተደርድሯል፣ በቀኝ በኩል አንዳንድ የፈረንጅ ፊደል። «ኤስ ያለበት ይገድለዋል፣ አር ያለበትን ባክቴሪያው ንቆታል» አለችኝ። አሞክሳሲሊን ጎን አር። ኮትሪሞክሳዞል ጎን አር። ጣቴን አስይዛ ወደ ታች እያስወረደችኝ አር፣ አር፣ አር። ከዚያ ኤስ። እኔ ያንን ቀይና ቢጫ ካፕሱል ስውጥ የከረምኩት ለካ እየናቀኝ ነው!

«በኔ ጥፋት ነው?» አልኳት። ሁሉም በአንቺ አይደለም አለችኝ። መድኃኒቱን የለመደ ባክቴሪያ ከሰው ሰው ይተላለፋል፣ መጀመሪያውኑ እንደዚያ ሆኖ ይዞሽ ሊሆን ይችላል። ግን ጀምሮ ማቋረጥ ደካማውን ገድሎ ጠንካራውን ማስቀረት ነው፣ ለጎረቤት ማካፈልም እንደዚያው። ጎረቤታችንን አሰብኩና አፈርኩ። ከሆስፒታል ስወጣ መጀመሪያ የሄድኩት እሷ ቤት ነው።

ስድስት ቀን ተኛሁ። ስወጣ ሙሉ ኮርሱን የሚያስጨርስ ክኒን ሰጡኝ፣ ከዚያም ማታ ማታ ከእራት ጋር አንድ ናይትሮፉራንቶይን እንድውጥ አዘዙኝ። ሽንቴ እንደ ሻይ ጠቆረ። ደም መስሎኝ ሮጬ ብሄድ ነርሷ ሳቀችብኝ፣ የመድኃኒቱ ቀለም ነው። ዘጠነኛው ወር ሲገባ ደግሞ አስቆሙኝ፣ መውለጃ ሲቃረብ የሕፃኑን ቀይ ደም ሴል ሊጎዳ ይችላል ብለው። አየሽ፣ አንድ መድኃኒት እንኳን በሰባት ወር ጥሩ፣ በዘጠኝ ወር ክልክል ይሆናል።

ለዚህ ነው ትናንት ባልሽ ያስቀመጠውን ሲፕሮ ዋጥኩ ስትዪ ልቤ የወረደው። ሲፕሮፍሎክሳሲን በእርግዝና ብዙ ጊዜ አይታዘዝም። ዶክሲሳይክሊን የሚባለው የሕፃኑን ጥርስና አጥንት ይነካል። ኮትሪሞክሳዞልን በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራትና መውለጃ ላይ ይሸሹታል። ለእርጉዝ የሚሆኑ ሌሎች አሉ፣ ግን የሚመርጠው ያ ወረቀት ነው፣ የባልሽ መሳቢያ አይደለም። አሁን የዋጥሽውን እያሰብሽ አትጨነቂ። ለሐኪምሽ ንገሪያት፣ በቃ።

ጾሙንም እንደ እኔ እንዳታደርጊ። የነፍስ አባቴ በኋላ ስነግራቸው ተቆጡኝ፣ ቤተ ክርስቲያን ራሷ እርጉዝ ሴት እንዳትጾም ፈቅዳለች አሉኝ። እንጦጦ ማርያም ጸበል ጠጥቻለሁ፣ ክኒኑንም ውጫለሁ፣ አንዱ ሌላውን አልከለከለም። አንቺ ደግሞ ያለሽው ድሬ ነው። በዚያ ሙቀት ያላብሽው ሁሉ ከሽንትሽ የሚቀነስ ነው። የውሃ ጠርሙስሽን የምትሠሪበት ባንክ መስኮት ላይ አስቀምጪ። ሰልፍ አለ ብለሽ ደግሞ ሽንትሽን አትያዢ። ሰልፈኛው ይቆጣ፣ አምስት ደቂቃ ነው። እኔ ሰው ምን ይለኛል ብዬ የያዝኩት ምን እንዳመጣብኝ አሁን አውቀሻል።

ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የወገብ ወይም የጎን ሕመም፣ ማስመለስ፣ ሆድ እየጠነከረ መልቀቅ። ከእነዚህ አንዱ ከመጣ ውጤት አትጠብቂ፣ ለእኔም አትደውዪ፣ ቀጥታ ሆስፒታል። ሌሊት ከሆነም ሌሊት። ከዳንሽ በኋላም ከሳምንት ሁለት ሳምንት በኋላ ካልቸር ድገሚ። ሐኪሟ ካላነሳችው አንቺ አንሺው። «ምን ታውቂያለሽ» ካለችሽ፣ እናቴ ልብስ ሰፊ ናት በያት።

የሕፃኑን ልብስ እየሰፋሁ ነው። ጥለቱ ትንሽ ጠማማ ሆኗል፣ ዓይኔ እንደ ድሮው አይደለም። ሐሙስ በሚመጣው አውቶቡስ ከበሶና ከሽሮ ጋር እልከዋለሁ። ውጤቱ ሲመጣ ወረቀቱን ፎቶ አንስተሽ በቴሌግራም ላኪልኝ። ኤስ እና አር ማንበብ አልረሳሁም።

እናትሽ