ሐሙስ የአይጦቹን የሽንት ፊኛ በወረቀት እንለካለን

ሰላም ለሁላችሁም። ሐሙስ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አይጥ ክፍሉ እንገናኝ። የሽንት ፊኛቸውን ሥራ ያለ ቀዶ ጥገና፣ ያለ ቱቦና ያለ ማደንዘዣ ልንለካ ነው።

ጉዝጓዙን አውጥተን ኬጁ ውስጥ የማጣሪያ ወረቀት እናነጥፋለን። አይጦቹ እዚያ ለየብቻ ለ4 ሰዓት ይቆያሉ። ወረቀቱ ከደረቀ በኋላ በአልትራቫዮሌት ብርሃን ሲታይ ሽንቱ ያረፈበት ቦታ ሁሉ ያበራል፤ ፎቶ አንስተን የእያንዳንዱን ነጠብጣብ ስፋት በኮምፒውተር እንለካለን። ጤነኛ አይጥ አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ትልልቅ ነጠብጣቦችን ጥግ ላይ ትተዋለች። ትንንሾቹ በየቦታው ከተበተኑ ልብ እንበል፣ ግን ወንዶቹ ክልላቸውን ለማመልከትም እንዲህ ስለሚያደርጉ ቶሎ በሽታ ነው አንበል። ለዚህ ነው ወንድና ሴት ለየብቻ ይመዝገቡ የምለው።

የውሃ ጠርሙሱ ለእነዚያ ሰዓታት ይነሳ፣ ከጠርሙሱ የሚንጠባጠብ ውሃ ሽንቱን ያሰራጨዋልና። ምግብ ግን አይከልከሉ፣ ሲያበቃም ውሃው ወዲያው ይመለስላቸው። የተቀደደ ወይም የታኘከ ወረቀት አይቆጠርም።

ጓንት፣ የአልትራቫዮሌት መከላከያ መነጽርና እርሳስ ይዛችሁ ኑ። ፒፔት (ፈሳሽ በልክ የሚያንጠባጥብ መሣሪያ) የምትይዙት ደግሞ መጠኑ የታወቀ ሽንት እዚያው ዓይነት ወረቀት ላይ አንጠባጥቡልን፤ ስፋቱን ወደ ማይክሮሊትር የምንቀይረው በእሱ ነው።

አንድ የምንወስነው ነገር አለ፦ ረቡዕ አይጦቹን ጉዝጓዝ ከሌለው ኬጅ ጋር እናለማምዳቸው ወይስ አይሁን? እኔ ይሁን ባይ ነኝ፤ የደነገጠች አይጥ አሸናኗ ይለወጣል። ሐሳባችሁንና መምጣት አለመምጣታችሁን እስከ ማክሰኞ ማታ እዚሁ ጻፉልኝ።