ይድረስ ሐይቅ ላሉት አባቴ፦ ስለ ጽዋው ተራ

ደሴ፣ መጋቢት 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አባቴ፤ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔም፣ ባለቤቴም፣ ልጆቹም ቸሩ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ለጉልበትዎ የላክሁት ቅባት ካላሻልዎት ሌላ ስለምልክ ይንገሩኝ። ባለፈው በስልክ ስንነጋገር በደጀ ሰላም ዳቦ የምናድላቸውን ሰዎች ማኅበርተኛ አድርገን የጽዋ ተራ መስጠታችንን አንሥተው ላሉኝ ነገር መስመሩ ተቋርጦ በወጉ ሳልመልስልዎ ቀረሁ። ነገሩ በጥድፊያ የሚነገር ስላልሆነ በጽሑፍ ማስረዳቱን መረጥሁ፤ ዓይንዎ ካስቸገረዎት የጎረቤቱ ልጅ ቀስ ብሎ ያንብብልዎት።

«ነዳይ ማብላት የታዘዝነው ነው፤ ጽዋ ማስረከብ ግን ሌላ ነው፤ ማኅበር ሥርዓት አለው» ነበር ያሉኝ። ይህን ሌላ ሰው ቢለው ዝም ብዬ ባለፍሁት ነበር። እርስዎ ግን ለሚካኤል ማኅበር ለረጅም ዘመን ሙሴ፣ ማለትም የማኅበሩ አለቃ፣ ሆነው ሲያገለግሉ፣ ያረፈደውን ሲቀጡ፣ የተጣሉ ማኅበርተኞች ሳይታረቁ ጽዋው እንዳይቀመስ ሲያደርጉ እያየሁ ስላደግሁ፣ ሥርዓቱ ይጠበቅ ማለትዎን የምቃወምበት አፍ የለኝም። የእኔ መልስ ሥርዓቱ አልፈረሰም የሚል ነው፤ እንዴት እንዳልፈረሰ ልንገርዎት።

የኪዳነ ምሕረት ማኅበራችን እንደማንኛውም ማኅበር በየወሩ ይጠጣል፤ ቀኑም 16 ነው፤ እሑድ እሑድ ደግሞ ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላም ለተቀመጡት ዳቦና ንፍሮ እናድላለን። ይህ ለዓመታት እንዲሁ ሲሄድ ኖረ። በ2013 ክረምት ከራያ ቆቦና ከወልድያ አካባቢ የተፈናቀለው ወገን በከተማችን ትምህርት ቤቶች ሲጠለል እንጀራ ተሸክመን ስንመላለስ፣ ምግብ ከተቀበሉ በኋላ እንኳ «ትንሽ ተቀመጡ እንጂ» እያሉ ቀሚሳችንን የሚይዙ አረጋውያን ገጠሙን። ከዚያም በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ራሱ ደሴ ገባና እኛም ተበተንን። ስንመለስ ሰው ሁሉ ዘመድ ዘመዱን እየፈለገ «እገሌ ተርፏል ወይ?» ሲባባል፣ የሚፈልጋቸውም የሚፈልጉትም የሌላቸው ሰዎች ቁልጭ ብለው ታዩ። እነዚህ ሰዎች አዲስ አልነበሩም፤ ከጦርነቱ በፊትም በየእሑዱ ዳቦ ስናድላቸው የኖርናቸው ነበሩ። አንዳቸውንም ግን በስም አናውቃቸውም ነበር።

በዚህ ዓመትም የመጻጉዕ እሑድ ወንጌሉ ሲነበብ ልቤ የቆመው 38 ዓመት የተኛው ሰው ለጌታ በሰጠው መልስ ላይ ነው። መዳን ትወዳለህን ተብሎ ሲጠየቅ ስለ ሕመሙ አንድም ቃል አልተናገረም፤ «ሰው የለኝም» ነው ያለው። በዚያች መጠመቂያ ዙሪያ አምስት መመላለሻ ሙሉ ሕዝብ ተኝቶ ሳለ ነው ሰው የለኝም ያለው። የእኛም ደጀ ሰላም እንደዚያው ነበር፤ በሰው ተሞልቶ ሰው የሌለበት። (ዛሬማ ጭራሽ ስልክ ደግኖ ነዳይ ሲያበላ ራሱን የሚቀርጽ ወጣት በዝቷል፤ የሚቀበለው ሰው ፊቱን በነጠላው ሲሸፍን እያዩ መቅረጽ ምን የሚሉት በጎ አድራጎት እንደሆነ አላውቅም።)

ከእነዚህ ሰዎች ወደ ማኅበራችን መጀመሪያ የገባችው አንዲት እናት ናት። በልጅነቷ የሥጋ ደዌ ይዟት ለሕክምና ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል መጣች፤ ተፈወሰች፤ ወደ መንደሯ ስትመለስ ግን እኅቶቿን የሚያገባ እንዳይጠፋ ተብሎ ወደ መጣችበት እንድትሄድ ተነገራት። ከዚያ ወዲህ ደሴ ነው የኖረችው። ማኅበርተኛ ሁኚ ስንላት ደስ ይላታል ብለን ጠብቀን ነበር፤ እርሷ ግን ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ ቆይታ የጠየቀችን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ቅሬስ ያስገቡኛል?» ቅሬ ማለቷ እድሩን ነው። ማን ያበላኛል፣ ማን ያለብሰኛል አላለችም። ስትሞት በማዘጋጃ ቤት መኪና ተጭና ያለ አልቃሽ እንዳትቀበር ነበር ስጋቷ። የወሎ ቅሬ ክርስቲያን ሙስሊም ሳይል ሁሉንም አልቅሶ የሚቀብር ነው እያልን እንኮራለን፤ መዋጮ የሌለው፣ ቤት የሌለው፣ ዋስ የሚሆነው ጎረቤት የሌለው ሰው ግን ከዚህ ሁሉ ውጭ መሆኑን ከእርሷ ጥያቄ በፊት ከእኛ ማንም አስቦት አያውቅም። ዛሬ በሰፈሯ ቅሬ ተመዝግባለች፤ ወርኃዊ መዋጮዋን የምትከፍለው ራሷ ናት፤ እኛ እንክፈልልሽ ብንላት እንቢ ብላለች።

አሁን እርስዎ በግልጽ ያላሉትን፣ ነገር ግን እንደሚያስቡት የማውቀውን ላንሣ። ጽዋው አንድ ነው፤ ሁሉም ከእርሱ ይቀምሳል። ከእኛ ማኅበርተኞችም ሁለቱ በዚህ ምክንያት ቀርተዋል። እኔ በጤና ሥራ ላይ እንዳለ ሰው የምነግርዎ ይህ ነው፤ የሥጋ ደዌ በዘር አይወርድም፣ እርግማንም አይደለም። ተሕዋሲው እ.ኤ.አ. በ1873 ሐንሰን በተባለ ኖርዌያዊ ሐኪም ተለይቶ ታውቋል። መድኃኒቱ በነጻ ይሰጣል፤ እንደ ሕመሙ ዓይነት 6 ወይም 12 ወር ይወሰዳል፤ ሕመምተኛው መውሰድ ከጀመረ ብዙም ሳይቆይ ወደ ሌላ ሰው ማስተላለፉን ያቆማል። በእርሷ እጆች ላይ የምናየው የበሽታው ጠባሳ እንጂ በሽታው አይደለም። ነርቩ ስለተጎዳ እጇ ትኩስና ቀዝቃዛ አይለይም፤ ስለዚህም እሳት ሲነካት ሳታውቀው ትቆስላለች። ከእርሷ ጽዋ የሚቀምስ ሰው የሚያሰጋው ነገር የለም፤ አደጋው ያለው እርሷ ጀበና ስታነሣ ነው።

በየካቲት 16 ተራው የእርሷ ነበር። ቤቷ አንዲት የኪራይ ክፍል ናት፤ አልጋዋን አውጥተን በረንዳ ላይ አቆምነው። ዘንድሮ ዐቢይ ጾምና ረመዳን ስለገጠሙ ቅዳሴ ወጥተን ከሰዓት በኋላ ስንደርስ፣ ግድግዳ የምትጋራት ሙስሊም ጎረቤቷ ራሷ ጾመኛ ሆና ሳለ ምንጣፉን ዘርግታ፣ ስኒውን ደርድራ፣ ቡናውን ቆልታ ጠበቀችን። ቡናው ሲፈላ ባለቤቲቱ እንደ ልማዷ ወደ ጀበናው ስትዘረጋ ጎረቤቷ እጇን ቀለብ አድርጋ ይዛ «አንቺ ዛሬ ባለ ድግስ ነሽ፤ ተቀመጪ» አለቻት። ድግሱ የጾም ስለሆነ ሥጋ የለበትም፤ ሽሮውም ምስሩም ለሁሉም ይሆናል። ከሁሉ አስቀድሞ የጎረቤቷ ድርሻ ለማፍጠሪያ ተከድኖ ተቀመጠ፤ እኛ ሳንበላ ማለቴ ነው። ጠላውን የጠመቅነው እኛ ነን፤ ብቅሉን ግን ከእሑድ ዳቦዋ እየቆጠበች በሸጠችው ገንዘብ ራሷ ገዝታዋለች። ይህን የነገረችን ድግሱ ካለቀ በኋላ ነው፤ ቀድመን ብናውቅ ኖሮ ባልፈቀድንላትና ያን ቀን ከእርሷ በወሰድንባት ነበር።

ካህኑ በዕለቱ የበላዔ ሰብእን ታሪክ አስተማሩ። 78 ነፍስ የበላው ሰው በእመቤታችን ስም ለለመነው ለምጻም በሰጣት ጥርኝ ውኃ መማሩን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው የኖርሁት ነው። በዚያች ክፍል ተቀምጬ ስሰማው ግን፣ ውኃውን ጠጥቶ የሄደው ያ ለምጻም ማታ የት አደረ የሚል ሐሳብ መጣብኝ። ታሪኩ ስለ በላዔ ሰብእ ምሕረት ነውና ይህን አይነግረንም። እኛም ምጽዋት ስንሰጥ የምናስበው በአብዛኛው ስለ ራሳችን ጽድቅ ነው፤ ተቀባዩ ከበራችን ሲርቅ ከሐሳባችንም ይርቃል።

ሲመሽ ጽዋው ለሚቀጥለው ባለ ተራ ተላለፈ። ተረካቢዋ በሰኞ ገበያ ትልቅ ሱቅ ያላቸው ሴት ነበሩ፤ ለዚህች እናት በደጀ ሰላም ዳቦ ሲያድሉ የኖሩት እርሳቸው ናቸው። እርሷ ጣት ስለሌላት ጽዋውን በሁለቱ አንጓዎቿ መካከል አጣብቃ ከፍ አደረገች፤ ሴትዮዋ ነጠላቸውን አደግድገው፣ ጎንበስ ብለው ከእርሷ ተቀበሉ። እርስዎ የሚሉት ሥርዓት ይህ አይደለምን? አንድም ነገር አልቀረም፤ ጸሎቱ ደርሷል፣ ያረፈደው ተቀጥቷል፣ ጽዋውም እንደ ወጉ ተሸኝቷል።

ሁሉም እንዲህ ያማረ ነው ብዬ እንዳልሸነግልዎ ሌሎቹንም ልጥቀስ። በ77ቱ ድርቅ ጊዜ ቤተሰቦቹ ለሰፈራ ወደ መተከል ሲወሰዱ በሕመም ወደ ኋላ ቀርቶ እስከ ዛሬ ወሬያቸውን ያልሰማ አንድ ሽማግሌ አለ፤ ሰክሮ መጥቶ ማኅበሩን የበጠበጠበት ቀን አለ፣ ተቀጥቷል፣ ቅጣቱንም ከፍሏል። ሲቀጣ ተቆጥቶ ይቀራል ብለን ፈርተን ነበር፤ እርሱ ግን «እኔም እኮ ተቀጣሁ!» እያለ ለሰፈሩ ሰው በኩራት ሲያወራ ሰነበተ። ከዓረብ አገር በሕመም ተመልሳ ቤተሰቧ ያፈረባት አንዲት ልጅ ደግሞ ለወራት አንድ ቃል ሳትናገር ጥግ ይዛ ትቀመጥ ነበር፤ ጽሕፈቷ ያማረ መሆኑን ስላየን መዝገቡን ሰጠናት፤ አሁን ያልከፈለውን ሰው ስም እየጠራች ታሳፍረናለች። ገብተው የወጡም አሉ። አንዱ የሰበሰብነውን መዋጮ ይዞ ጠፍቷል። ይህ ግን በነባሮቹም ማኅበራት የሚያጋጥም መሆኑን እርስዎ ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል።

አባባ፣ ይህን ሁሉ የጻፍሁት ስለ እነርሱ ብቻ አይደለም። እማማ ካረፈች ወዲህ ለሚካኤል ማኅበር ሁለት ጊዜ ተራዎን አሳልፈዋል። ሰኔ 12 ደግሞ የእርስዎ ነው፤ «ደጋሽ የሌለው ሰው ጽዋ አይቀበልም፤ ለሌላ ይስጡት፤ እኔ ካሁን በኋላ ቀምሼ ብመለስ ይበቃኛል» ማለትዎን ከጎረቤቶቹ ሰምቻለሁ። ማኅበርተኞቹም አዝነውልዎ እሺ ብለዋል አሉ። አዝነው ማድረጋቸውን አልጠራጠርም። ነገር ግን ያ ሁሉ ዘመን ሙሴ የነበረ ሰው ተራ የሌለው ሆኖ በር አጠገብ ተቀምጦ ቀምሶ የሚመለስ ከሆነ፣ እኛ ከደጀ ሰላም ያስነሣናቸውን ሰዎች ወደዚያው ቦታ እርስዎ ራስዎ ሊሄዱ ነው ማለት ነው። ይህን እንደ ልጅዎ ልቀበለው አልችልም፤ ድፍረቱንም ይቅር ይበሉኝ።

ስለዚህ ለሙሴው ተራዬን አላሳልፍም ብለው ይንገሩልኝ። ወቅቱ የሐዋርያት ጾም ስለሆነ ድግሱ ከባድ አይደለም። እኔ ከሳምንት በፊት እመጣለሁ፤ ያች እናትና የመዝገቧ ልጅም አብረውኝ ሊመጡ ቃል ገብተዋል። ቤትዎ ሰፊ ነው፤ በእማማ ክፍል ያድራሉ። እናቲቱ ሽሮ ማማሰል ባትችልም ጌሾ በማበጠር የሚያህላት የለም። ቅር ካለዎት ከአሁኑ ይንገሩኝ፤ እነርሱን አስቀርቼ ብቻዬን እመጣለሁ፤ ከማኅበርተኞቹ አንዱ ስለ ጽዋው ቢያጉረመርም ግን ከላይ የጻፍሁልዎትን እርስዎ ቢያስረዷቸው ከእኔ ይልቅ እርስዎን ይሰሙዎታል።

ገብሱንና ጌሾውን ከደሴ ይዤ ስለምመጣ ምንም አይግዙ። ትልቁ ጋን ከጓዳ ወጥቶ ይታጠብ፤ ስንጥቅ ካለው በጊዜ ይላኩብኝና ሌላ እፈልጋለሁ። ወይራ ከዚያው ይገኛል። ምላሽዎን በሐይቅና በደሴ መካከል በሚመላለሰው በጎረቤታችን ልጅ ይላኩልኝ።

እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

ልጅዎ